ሳይቆጠር ያለቀ ምርጫ የለም



ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ በዚህ ማኒፌስቶ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ሰላም ያቀረብነውን አማራጭ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጉዳይ እናጥራ። ምርጫ በመጣ ቁጥር በታክሲ፣ በካፌ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ የምንሰማው አንድ አባባል አለ፤ “ተወው ባክህ፣ ያለቀ ነገር ነው” ይባላል። ይህን የሚለው የገዥው ፓርቲ ካድሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን ነበር፤ ሥራው ነውና። ነገር ግን መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛውም፣ አልፎ ተርፎም የራሳችን ደጋፊ ይለዋል። ዕጩዎቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ በር ተከፍቶላቸው፣ ቡና ተፈልቶላቸው፣ “ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ ግን ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው” ተብለው ይሸኛሉ። ማን አወቀው? ማን ቆጠረው? በምን ማስረጃ? ብለን ስንጠይቅ መልሱ “ሲባል ሰማሁ” ነው። ሕግ የተማረ ሰው “ሲባል ሰማሁ” የሚል ምስክር ሲገጥመው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በአዲስ አበባ አንድ ቁርስ ቤት ተቀምጬ ነበር። አሜሪካ ፕሬዚዳንቷን ስትመርጥ ያደረችበት ሌሊት ነው። በአጠገቤ ያሉ አምስት ስድስት ወጣቶች ፉላቸው ቀዝቅዞ ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። “ፔንሲልቫንያ 19፣ ጆርጂያ 16፣ ዊስኮንሲን 10” እያሉ በቃላቸው ይደምራሉ። ግማሾቹ የካማላ ሃሪስ፣ ግማሾቹ የዶናልድ ትራምፕ ጠበቃ ሆነው እንደ አርሴናልና እንደ ማንቸስተር ደጋፊ ይሟገታሉ። አንዱ የአንድን ተንታኝ ስም ጠርቶ “እሱ ከተናገረ አይስትም” ይላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ፔንሲልቫንያ ለትራምፕ መሆኗ ተሰማና ክርክሩ ቆመ። ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ “ልጆቼ፣ ይህ ቁርስ ቤት ያለበት የምርጫ ክልል ስንተኛው ነው? በተወካዮች ምክር ቤትስ የሚወክለን ማነው?” እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው እየሳቀ “ጋሼ፣ እሱን ማወቅ ምን ያደርግልዎታል?” አለኝ።

አልፈርድባቸውም። እኔም ራሴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ቴሌቪዥን ፊት ነበርኩ። የአሜሪካ ምርጫ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ወንድም ወይም እህት የሌለው የከተማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ትራምፕ ከሱዳን መሪ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች ማለታቸው ዓለም እየሰማ ነው፤ ያን የሰማ ኢትዮጵያዊ የዋይት ሐውስን ወንበር ጉዳይ ቢከታተል እውነት አለው። ክፋቱ መከታተላችን ላይ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ከአሜሪካኖቹ የወሰድነው የሚጠቅመውን ትተን የሚጎዳውን መሆኑ ላይ ነው። የወሰድነው ትንበያውን ነው፤ የተውነው ክርክሩን ነው።

እስቲ ትንበያውን ከነታሪኩ እንመርምረው። እ.ኤ.አ. በ1936 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ “ሊተራሪ ዳይጀስት” የተባለ ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተመለሰለት።  መጽሔቱም ካርዱን ቆጥሮ “አልፍ ላንደን በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል” ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልለው ወሰዱ። ላንደን ያገኙት ሁለት ክፍለ ግዛት ነው። መጽሔቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

ስህተቱ የመጣው ከየት ነው? ካርዱ የተላከው ስማቸው በስልክ ማውጫና በመኪና ባለቤትነት መዝገብ ላይ ለተገኘ ሰዎች ነበር። ዘመኑ ሥራ አጥነት የበዛበት፣ የዳቦ ሰልፍ የረዘመበት የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ስልክና መኪና ያለው ሰው አንድ ነገር ያስባል፤ ለዳቦ የተሰለፈው ሌላ ነገር ያስባል። በዚያ ላይ ካርዱ ከደረሳቸውም መካከል መልሶ ለመላክ የተነሳሱት በሩዝቬልት የተማረሩት ይበልጡ ነበር። 2 ሚሊዮን ሰው ቢጠየቅም የተጠየቀው ሕዝቡ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ዛሬ በፌስቡክና በቴሌግራም “ማንን ትመርጣላችሁ?” የሚል ጥያቄ ተለጥፎ ሃምሳ ሺህ ሰው ሲጫነው “ሕዝቡ ተናገረ” ይባላል። እነማን ተጫኑት? የኢንተርኔት ጥቅል የገዛ፣ ስልኩ ላይ ለመዋል ጊዜ ያለው፣ የዚያ ገጽ ተከታይ የሆነ ሰው ነው። ግማሹ በምርጫ ክልላችሁ ይቅርና በሀገር ውስጥም ላይኖር ይችላል። ሌሊት ተነስታ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክበው እናት አልተጫነችውም። ጉልት የምትቸረችረው፣ በኮንስትራክሽን ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚውለው፣ በረንዳ ላይ ጫማ የሚያስውበው፣ በዝናብ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ አልተጫኑትም። የመራጭነት ካርድ ካወጡ ግን የእነርሱ ድምፅ ከማንም ድምፅ እኩል አንድ ነው። እነዚህን ሳይጠይቁ “ያለቀ ነገር ነው” ማለት የ1936ቱን የስልክ ማውጫ በአማርኛ ማሳተም ነው።

ሙያውን እንደማናንቋሽሽ ግን ይታወቅልን። በዚያው በ1936 ጆርጅ ጋለፕ የተባለው ሰው መጽሔቱ ከጠየቀው እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ፣ ነገር ግን ከየኑሮ ደረጃው አመጣጥኖ፣ የሩዝቬልትን ማሸነፍ አስቀድሞ ተናግሯል። በሥርዓት የተሠራ የሕዝብ አስተያየት ጥናት እንደ ሐኪም የሙቀት መለኪያ ነው፤ ይጠቅማል። ነገር ግን ራሱ ጋለፕም ከ12 ዓመት በኋላ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 ዋና ዋናዎቹ አጥኚዎች ሁሉ ቶማስ ዲዊ ሃሪ ትሩማንን ያሸንፋሉ ብለው ተማመኑ፤ አንደኛው ድርጅት ነገሩ አልቋል ብሎ ገና በመስከረም ጥናቱን አቆመ። ከቺካጎ ጋዜጦች አንዱ ደግሞ ቆጠራው ሳያልቅ የዲዊን ድል በትልቁ አትሞ ለገበያ አወጣ። ትሩማን አሸንፈው ያንኑ ጋዜጣ ከፍ አድርገው እየሳቁ የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። በ2016ም ሂላሪ ክሊንተን በሀገር አቀፍ ደረጃ በጥቂት ነጥብ ይመራሉ ተባለ፤ በጠቅላላ ድምፅም ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ብልጫ መሩ። ነገር ግን በፔንሲልቫንያ፣ በሚሺጋንና በዊስኮንሲን በድምሩ ከ80 ሺህ ባነሰ ድምፅ ተበልጠው ፕሬዚዳንትነቱን አጡ። በእነዚያ ክፍለ ግዛቶች የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ኮሌጅ የጨረሰውን አብዝተው፣ ያልጨረሰውን አሳንሰው ቆጥረው ነበር። 80 ዓመት አልፎም የስልክ ማውጫው ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አጥኚው ቢያንስ ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ ጽሑፍ ያወጣል። ተንታኝ ተብሎ በየስቱዲዮው የሚቀመጠው ሰውስ? በፍርድ ቤት አንድ ባለሙያ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል። ይህን ከየት አወቅህ? ስንት ጊዜ ተሳስተሃል? ማን ከፍሎህ መጣህ? ይባላል። ተንታኙን ግን ማንም አይፈትነውም። ዛሬ ተናግሮ ነገ ሲሳሳት ከነገ ወዲያ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ከረባት፣ ስለ ሌላ ምርጫ ሲተነብይ ታገኙታላችሁ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅ ይባላል።

እዚህ ላይ ራሴንም ነፃ አላወጣም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ አንድ የምርጫ ክልል “የእኛ ነው፤ አታስቡ” ብዬ ለባልደረቦቼ በሙሉ ልብ ነግሬ ነበር። በዚህም ምክንያት በዚያ ክልል ታዛቢዎቻችንን ቀንሰን ወደ ሌላ ላክናቸው። በሰፊው ተሸነፍን። ታዛቢ ባልነበረን ጣቢያ የሆነውን ለማስረዳትም ሰነድ አልነበረንም። የእኔ ትንበያ ድምፅ አላመጣም፤ ማስረጃ ግን አሳጣን።

ትንበያ ጉዳቱ መሳሳቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላጠፋን። ዋናው ጉዳት እውነት ሲሆንም ሰውን ከሰልፍ መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮናልድ ሬገን ጂሚ ካርተርን በረቱበት ምሽት ቴሌቪዥኖቹ አሸናፊውን ገና በጊዜ አወጁ፤ ካርተርም በምዕራቡ ጠረፍ የምርጫ ጣቢያዎች ሳይዘጉ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። በካሊፎርኒያና በኦሬገን ሰው ገና ድምፅ እየሰጠ ነው። ነገሩ በኮንግረስ ሳይቀር ለዓመታት አከራከረ፤ ምክንያቱም ያን ዕለት ድምፅ ይሰጥበት የነበረው ወረቀት የፕሬዚዳንቱን ብቻ ሳይሆን የኮንግረስ ተወካዩንና የአካባቢ ሹሙንም የሚመርጥ ነበር። “ፕሬዚዳንቱ ታውቋል” ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የሰፈሩን ሰው ጭምር ሳይመርጥ ቀረ።

ከዚህም የባሰ አለ። በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ዕጩዎችን ክርክር እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ያዘጋጅ የነበረው ኮሚሽን በ1987 የተቋቋመው በሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች መሪዎች ነው። በ1992 ሮስ ፔሮ የተባሉ የግል ተወዳዳሪ ክርክሩ ሲጀመር በጥናቶቹ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ሆኖም እንዲከራከሩ ተፈቀደላቸው፤ ሕዝቡ ሰማቸውና በምርጫው ዕለት ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ። በ1996 ተመልሰው ሲወዳደሩ ኮሚሽኑ “የማሸነፍ ተስፋ የለዎትም” ብሎ ከክርክሩ አስቀራቸው። ለዚህ ውሳኔ ከተመዘኑት ነገሮች አንዱ የጋዜጠኞችና የፖለቲካ ምሁራን አስተያየት ነበር። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ በሀገር አቀፍ ጥናቶች 15 በመቶ ያላገኘ አይከራከርም የሚል ደንብ ወጣ። ልብ በሉ፤ ሕዝብ ያላወቀው ሰው 15 በመቶ አያገኝም፤ 15 በመቶ ያላገኘ አይከራከርም፤ ያልተከራከረን ሰው ደግሞ ሕዝብ አያውቀውም። መለኪያ የነበረው ነገር በር ሆነ፤ በሩም ተዘጋ።

“ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው” የሚል ካለ ወደ ሀገራችን እንምጣ። በ2002ቱና በ2007ቱ ምርጫ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት ለፓርቲዎች ሲደለደል ከመስፈርቶቹ አንዱ ፓርቲው በምክር ቤት አስቀድሞ የያዘው መቀመጫ ብዛት ነበር። ላለው ይጨመርለታል፤ ከሌለውም ያው ያለው ይወሰድበታል እንደተባለው ማለት ነው። መቀመጫ የሌለው ሰዓት የለውም፤ ሰዓት የሌለው መቀመጫ አያገኝም። እነርሱ በጥናት ቁጥር የዘጉትን በር እኛ በመቀመጫ ቁጥር ዘጋነው።

አሁን ደግሞ ከእነርሱ መውሰድ ሲገባን የተውነውን እንይ። አሜሪካኖች ዕጩዎቻቸውን ፊት ለፊት አቁመው ያከራክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ከተከራከሩ ወዲህ (ከዚያ በኋላ ሦስት ምርጫዎች ያለ ክርክር አልፈዋል፤ እነርሱም ጥለውት ያውቃሉ) ከ1976 ጀምሮ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በዚያው በ1976 ሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በክርክር መድረክ ላይ “ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ኅብረት ሥር አይደለም” የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናገሩ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ካዱ ማለት ነው። ቃላቸውን ለማስተካከል ቀናት ፈጀባቸው፤ ምርጫውንም ተሸነፉ። ፕሬዚዳንት መሆናቸው ከጥያቄው አላዳናቸውም።

ከሁሉ በላይ ግን የ2024ቱን አስታውሱ። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በ81 ዓመታቸው እንደገና ለመወዳደር ሲነሱ አማካሪዎቻቸውና ደጋፊ ተንታኞች “ጤናቸው ሙሉ ነው፤ ከማንም በላይ ብርቱ ናቸው” ሲሉ ከረሙ። ሰኔ 27 ከትራምፕ ጋር መድረክ ላይ ወጡ። 90 ደቂቃ ያህል በቆየ ክርክር ሕዝቡ በዓይኑ አየ፤ በጆሮው ሰማ። በ24ኛው ቀን፣ ሐምሌ 21፣ ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። የወራት ትንተና የደበቀውን የአንድ ምሽት ክርክር ገለጠው። ተንታኝና ክርክር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ስለ ዕጩው ይነግራችኋል፣ ሌላው ዕጩውን ያሳያችኋል።

ይህን ነገር እኛም ቀምሰነው እናውቃለን። በ1997 ዓ.ም. ኢሕአዴግ፣ ቅንጅትና ኅብረት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ሲከራከሩ ዕድሜያችሁ የፈቀደ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ሚኒስትር ለመጀመሪያ ጊዜ “ቁጥሩን ከየት አመጡት?” ተብሎ በሕዝብ ፊት ሲጠየቅ ያየንበት ጊዜ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤቱን ጠርቶ ያይ ነበር፤ የባለ ሱቁ ሬዲዮ በር ላይ ይወጣ ነበር። ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ የማያወራ ሰው አልነበረም። ግንቦት 7 ሕዝቡ ሌሊት ወጥቶ ተሰለፈ። በአዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት ከነበሩት 23 መቀመጫዎች 23ቱን፣ ለከተማው ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ይህን ውጤት ያመጣው ክርክር የሰማ መራጭ እንጂ ተንታኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነውንም አንረሳም፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ዜጎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋግጧል። የመድረኩን መከፈት ተከትሎ የመጣውን በሩን በመዝጋት መለሱት። እንደ 1997ቱ ያለ ክርክር ከዚያ ወዲህ አላየንም።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ይነሳል፤ መነሳቱም ትክክል ነው። “በ2002 ከ547 መቀመጫ 545ቱ፣ በ2007 ደግሞ 547ቱም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። በ2013ም ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች ብልፅግና 410 ወሰደ። ይህን ያየሁ ሰው ‘ያለቀ ነገር ነው’ ብል በእኔ ይፈረዳል?” ይላል። አይፈረድም። ነገር ግን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ኢሕአዴግ በግንቦት 2007 መቶ በመቶ አሸነፍኩ አለ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ሀገሪቱ በተቃውሞ ተናወጠች። መስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። መቶ በመቶ ያለቀ የተባለው ነገር ሦስት ዓመት አልቆየም።

ጥናትም አላዳነውም። እ.ኤ.አ. በ2013 አፍሮባሮሜትር የተባለው የአፍሪካ የጥናት መረብ በሀገራችን ሕዝቡን ሲጠይቅ ኢትዮጵያውያን ለዴሞክራሲያቸው ከአህጉሩ በከፍተኛው ረድፍ የሚያሰልፍ ነጥብ ሰጡ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው “ይህ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ዴሞክራሲን በሌላ መንገድ መረዳት?” ብለው ጽሑፍ አወጡ። እኛ ከተማ ውስጥ የኖርን ሰዎች መልሱን ለመገመት አንቸገርም። መዝገብ የያዘ የማይታወቅ ሰው በር አንኳኩቶ “መንግሥትን እንዴት ያዩታል?” ሲል፣ ልጇ ሥራ የሚጠብቅ፣ ራሷ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበች እናት ምን ትላለች? “ተመስገን ነው” ትላለች። በፍርሃት የተመለሰ መልስ ላይ የቆመ ቁጥር የሚያሳየው ፍርሃቱን ነው።

“ታዲያ ቆጠራውስ በማን እጅ ነው?” ትላላችሁ። ጎረቤታችን ኬንያ ናት፤ ብዙ ደም ከፍላ ተምራለች። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2007 የፕሬዚዳንት ምርጫ በኋላ ከ1,100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥቷን ለወጠች፤ በ2012 የምርጫ አስተያየት ጥናት የሚያወጣ ሁሉ ማን እንደከፈለው፣ ስንት ሰው እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደጠየቀ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። መስከረም 1 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አሸናፊ የተባለውን ፕሬዚዳንት ምርጫ በ4 ለ2 ድምፅ ሻረ። የድጋሚው ምርጫ ሰላም አልነበረም፤ ተቃዋሚው ራሱን አገለለ፤ ይህንንም አንደብቅም። በ2022 ግን አብዛኞቹ ጥናቶች ራይላ ኦዲንጋ ይመራሉ ሲሉ ዊልያም ሩቶ 50.49 በመቶ አግኝተው አሸነፉ። ያን ጊዜ የምርጫ ኮሚሽኑ የ46,229 የምርጫ ጣቢያዎችን የውጤት ቅጽ ሁሉም እንዲያየው በኢንተርኔት ለጠፈው። ጋዜጠኛውም፣ ተማሪውም፣ ተሸናፊውም እያወረደ ደመረ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔ አገኘ። ናይሮቢ ላይ የተቻለ ነገር ደሴ፣ አዳማና ሐዋሳ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም። በእኛም ሀገር በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ተወዳዳሪዎች በየጣቢያው ወኪል የማስቀመጥ መብት አላቸው፤ የጣቢያው ውጤትም እዚያው ይለጠፋል። የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ የሚያነሳ ሰው በየጣቢያው ካለ የሚቀረው መደመር ብቻ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በቁርስ ቤቱ የነበሩት ልጆች ያላወቁት፣ ብዙ ትላልቅ ሰዎችም የሚስቱት ነው። በእኛ ሀገር ፕሬዚዳንት በቀጥታ አይመረጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሙሉ ሥልጣን ያለውን ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ በአንቀጽ 73 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ይመርጠዋል። ስለዚህ “ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ይሆናል?” የሚለው ትልቅ ጥያቄ የሚመለሰው ማንም በማይከታተለው በእናንተ የምርጫ ክልል ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት ደግሞ በየክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ ግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ዕጩዎች በበዙበት ክልል ጥቂት መቶ ሰዎች “ያለቀ ነገር ነው” ብለው ቤት ከዋሉ በእርግጥም ያልቃል፤ የሚያልቀው ግን እነርሱ ስለቀሩ ነው።

ሌላው የሚያወጣውን ትንበያ የነቀፍን እኛ ራሳችን ምን እንደምናደርግ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ፓርቲያችን በዚህ የምርጫ ዘመን “ጥናት አሸናፊነታችንን አረጋገጠ” የሚል አንድም ወረቀት አይበትንም፤ ማንን ጠይቀን፣ ስንት ጠይቀን፣ በማን ገንዘብ እንደሆነ ካልጻፍን በስተቀር። ዕጩዎቻችን የትኛውም ፓርቲ በጠራው፣ በየትኛውም አዳራሽ፣ በየትኛውም ዕድር ድንኳን ከየትኛውም ተወዳዳሪ ጋር ይከራከራሉ፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ዕጩ ካለን በፓርቲያችን ስም አይወዳደርም። ወኪሎቻችን በየጣቢያው የፈረሙበትን የውጤት ቅጽ፣ ያሸነፍንበትንም የተሸነፍንበትንም፣ እንዳለ እናወጣለን። የተሸነፍንበትን ማውጣት ያልተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ አንዳንድ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባሎቻችንም ተከራክረውበታል። እኔ በ2002 ያጣሁትን ሰነድ እያስታወስኩ ተከራከርኩ፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ወደ ምክር ቤት ከገባን ደግሞ የአየር ሰዓት ድልድል የተያዘ መቀመጫን መስፈርት እንዳያደርግ፣ ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ ዕጩ በቀጥታ ስርጭት ለሚካሄድ ክርክር እንዲቀርብ፣ የምርጫ አስተያየት ጥናት የሚያወጣ ሁሉ የከፈለውንና የጠየቀውን እንዲገልጽ የሚያስገድድ ረቂቅ በመጀመሪያው የሥራ ዘመን እናቀርባለን። ገዥው ፓርቲ በየክልላችሁ ያቀረበው ዕጩ ዛሬውኑ ከእኛ ዕጩ ጋር አንድ መድረክ ላይ እንዲቆም ደግሞ ሕግ እስኪወጣ አንጠብቅም፤ በዚህ ማኒፌስቶ አማካይነት በይፋ እንጠራዋለን። ካልመጣ ባዶ ወንበር እናስቀምጥለታለን፤ የማትጠይቁት ነገር የለም።

ለመጠየቅ ካሰባችሁ ደግሞ “ማን ያሸንፋል?” ከማለት ይልቅ እነዚህን ጠይቁ። የእኛንም ዕጩ አትለፉት። በሰፈራችን ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ታውቃለህ? የትምህርት ቤቱ ክፍል ስንት ተማሪ እንደያዘ አይተሃል? ቤታቸው ለልማት የፈረሰባቸው ሰዎች የት እንደገቡ፣ ካሳው በምን ሒሳብ እንደተሠራ ትነግረናለህ? ከሀገር ሰላም መጥፋት ጋር በተያያዘ ያለ ክስ የታሠረ ሰው ቤተሰቡ ወደ አንተ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? ከመረጥንህ በኋላ ቢሮህ የት ነው? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እናገኝሃለን? መልሱን በወረቀት ጻፉትና ስሙን፣ ቀኑንና የምርጫ ክልሉን ቁጥር ከላይ አስፍሩበት። የመራጭነት ካርዳችሁንም ከመታወቂያችሁ ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡት፤ ድምፅ በምትሰጡበት ማግስት ጠዋት ደግሞ ወደ ጣቢያው ተመልሳችሁ የተለጠፈውን ቁጥር አንብቡ።